የጓሮ ኮንክሪት ስቴይን ማድረግ፦ አሲዱ ይሻላል ወይስ በውሃ የሚሠራው?

ጓሮ ወዳድ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁም። ቤታችሁን ራሳችሁ የምታድሱ ሰዎች ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የገዛነው ቤት ጓሮው ላይ ወደ 400 ስኩዌር ፊት የሚሆን ኮንክሪት ፓቲዮ አለው። ቤቱ የ90ዎቹ ስለሆነ ኮንክሪቱም ያኔ የፈሰሰ ይመስለኛል። ደህና ነው፤ አልሰመጠም፣ አልተፈረፈረም። መልኩ ግን ያስጠላል። ግሪሉ ይቆምበት የነበረው ቦታ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ስንጥቁን በሌላ ሲሚንቶ ደፍነውት፣ ድፍኑ ነጣ ብሎ ከሩቅ ይታያል።

ባለቤቴ የወለል ቀለም ገዝተን በሮለር እንቀባውና እንገላገል ይላል። እኔን ግን አሲድ ስቴይን የሚሉት ነገር ልቤን ወስዶታል፤ ስቴይን ማለት ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ቀለም የሚሰጥ ፈሳሽ ነው አሉ። ያ ደመና ደመና የሚለው፣ አሮጌ ቆዳ የሚመስለው ቡናማ በጣም ነው የሚያምረኝ። ከዚህ ሁሉ እድፍና ድፍን ጋር አሲዱ ይሆናል ወይስ በውሃ የሚሠራው ስቴይን ይሻለኛል? ከቀለምስ ልዩነቱ ምንድን ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። በጋ በመጣ ቁጥር ቡና የምናፈላው እዚያ ነው፣ እንግዳ ይበዛል፣ ልጆች በባዶ እግራቸው ይሯሯጣሉ። ዊንተር ላይ ደግሞ በረዶ እየጠረግን ጨው እንበትናለን። ቤዝመንቱንም ካርፔቱን አንስተን ከሥሩ ኮንክሪት ወጥቷል፤ እሱንም አብሬ ልሠራው አስቤ ነበር፣ ግን ቢጫ ሙጫ ተለጥፎበታል።

ፊኒሸሩ (ዴንቨር)

እህቴ፣ ሥራዬ ኮንክሪት ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

መጀመሪያ ባለቤትሽን በአክብሮት ቀለሙን ይተወው በይልኝ። ቀለም ከላይ የሚተኛ ሽፋን ነው። ከሥር እርጥበት ሲመጣ፣ ውሃው በብርድ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ፣ ሽፋኑን ገፍቶ ያነሳዋል። እዚህ ኮሎራዶ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ሌሊት በረዶ ሠርቶ ቀን ላይ የሚቀልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። መላጥ ከጀመረ በኋላ እንደገና ለመቀባት የቀረውን ሁሉ መፋቅ ሊኖርብሽ ነው። ያ ሥራ ስቴይን ከማድረግ ይከብዳል።

አሲድ ስቴይን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና የብረት፣ የማንጋኒዝ ወይም የመዳብ ጨው አለ። አሲዱ የኮንክሪቱን ፊት ትንሽ ይከፍተዋል። ጨዎቹ ደግሞ ሲሚንቶው ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋህደው ቀለም ይሆናሉ። ስለዚህ ቀለሙ የኮንክሪቱ አካል ነው፣ አይላጥም። አንቺ የወደድሽው ደመና ደመና መልክም የሚመጣው ኖራው በየቦታው እኩል ስላልሆነ ነው። በዚሁ ምክንያት ቀለም መምረጥ ላይ ብዙ ነፃነት የለሽም። ቡናማ፣ ጣይ ያየው አፈር የመሰለ፣ ወደ ጥቁር የሚሄድ፣ ከመዳብ ደግሞ ሰማያዊ አረንጓዴ። በቃ። ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ከአሲድ አይጠበቅም። ሰማያዊ አረንጓዴውን ደግሞ ውጭ ላይ እንድታደርጊው አልመክርም። እርጥበት ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል።

አሁን ወደ ችግርሽ። ስቴይን ግልጽ ነው፣ ከሥር ያለውን አይሸፍንም። ዘይት የጠጣው ቦታ ላይ አሲዱ አይገባም፤ ያ ቦታ ገርጥቶ ወይም ጠቁሮ ይቀራል። ድፍኑ ደግሞ ሌላ ሲሚንቶ፣ ሌላ ዕድሜ ስለሆነ ከቀረው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም አይወስድም። አሲድ ካደረግሽበት ድፍኑ ከዛሬውም በላይ ነው የሚታየው። ይህን አውቀሽ ግቢበት።

ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት ውሃ ርጪበት። ውሃው ወዲያው ገብቶ ኮንክሪቱ ከጠቆረ ጥሩ ነው። ጠብ ጠብ ብሎ ከላይ ከተንሳፈፈ ወይ ዘይት ነው ወይ ድሮ የተቀባ ሲለር (ውሃና እድፍ እንዳይገባ የሚቀባ መከላከያ) አለ። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፣ ፓቲዮውን ሙሉ ዙሪው። ግሪሉ ጋ፣ በሩ ጋ፣ ድፍኑ ላይ፣ አጥሩ ሥር።

የዳላሱ

ፊኒሸሩ ያለው ልክ ነው፣ ግን እኔ በዚህ ሁኔታ ላይ በውሃ ለሚሠራው ነው የምከራከረው። እኛ ቤት ፓቲዮውን የሠራነው በሱ ነው። አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ መሰል ማያያዣና ቀለም ያለበት ነው፣ የኮንክሪቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ኖራ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ስለዚህ ድፍን ያለበት፣ ያረጀ፣ ዝናብ ኖራውን ያጠበው ኮንክሪት ላይ ከአሲዱ የበለጠ ወጥ ሆኖ ይወጣል። የቀለም ምርጫውም ሰፊ ነው። ደመና ደመናውን ከፈለግሽ ሁለት ተቀራራቢ ቀለም ወስደሽ፣ አንዱን መሠረት አድርገሽ ሌላውን በስፖንጅ ወይም በሚረጭ ፓምፕ ሳሳ አድርገሽ ከላይ ጣል ጣል ማድረግ ነው። አሲዱን አይተካም፣ እውነቱን ለመናገር የአሲዱ ጥልቀት ሌላ ነው። ነገር ግን ድፍኑን በጨለም ያለ ቀለም በእጅሽ መደበቅ ትችያለሽ። በአሲድ ይህን ማድረግ አትችይም።

ሌላው ደግሞ አሲድ አሲድ ነው። ልጆች አሉ፣ ሣር አለ፣ የጎረቤት አበባ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። መደብር ውስጥ «ሶሊድ ስቴይን» ተብሎ የሚሸጠው ከቀለም ብዙም አይለይም፣ ሽፋን ነው። የምትፈልጊው ግልጽ የሆነውን ነው። ጣሳው ላይ አንብቢ።

ሊሾ ፈላጊ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሆነብኝ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ትንሽ ቤት እየጨረስን ነው። ሴራሚኩ አቅማችንን ስላለፈ ሳሎኑን ሊሾ ልናደርገው ነው። ግን ግራጫ ሊሾ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ይህ ስቴይን የምትሉትን ለመርካቶ ነጋዴዎች ስነግራቸው አንዱ የሽንት ቤት አሲድ አውጥቶ ሰጠኝ። ይሆናል እንዴ?

ፊኒሸሩ (ዴንቨር)

ወንድሜ እሱን እንዳትነካው! የሽንት ቤት አሲድ ውስጥ ቀለም የሚሆን ጨው የለም። ሊሾውን በልቶ አሸዋውን ነው የሚያወጣብህ። በማለስለሻ ብረት በደንብ የታሸ ሊሾ ደግሞ ፊቱ ድፍን ያለ ስለሆነ ስቴይንም በቀላሉ አይጠጣም። አንተ ገና ካልፈሰሰ የተሻለ መንገድ አለህ፤ የአገር ቤት ግንበኛ ቢመልስልህ ይሻላል።

ግንበኛው (አዳማ)

ሰላም። ያልፈሰሰ ሊሾ ከሆነ ቀለሙን ሲሚንቶው ውስጥ አግባው። ኦክሳይድ በለው ነጋዴውን፣ ዱቄት ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ጸሐይም ኖራም አይበግረውም። ርካሹን የማይታወቅ ዱቄት አትግዛ፣ ኖራው በልቶት ይነጣል።

መጠኑ በሲሚንቶው ክብደት ነው የሚሰላው። ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ማለትም ለ50 ኪሎ ከረጢት ከ5 ኪሎ በላይ አይገባም። ከዚያ በላይ ቀለሙ አይደምቅም፣ ሊሾው ግን ይደክማል። 2 ወይም 2 ኪሎ ተኩል ለቀይ ጥሩ መልክ ይሰጣል። በተራ ግራጫ ሲሚንቶ ስትሠራ ቀዩ የከሰመ፣ ጡብ መሳይ ነው የሚሆነው። ለኔ የሚያምረኝ እሱ ነው። ክሬም ወይም ብሩህ ቢጫ ከፈለግክ ግን ነጭ ሲሚንቶ ካልሆነ አይሳካም፣ በግራጫው ብትሞክረው ጭቃ ነው የሚመስለው።

ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ ሠራተኛው አጠገብ ቁም። ኦክሳይዱና ሲሚንቶው በደረቁ ተደባልቀው አንድ መልክ እስኪሆኑ ድረስ ውሃ አይነካቸውም። ኪሎው በሚዛን ይመዘን፣ በአካፋ ግምት አይሆንም። ውሃውም በየጊዜው አንድ ዓይነት መጠን ይሁን፤ ውሃ የበዛበት ነጥቶ ይወጣል። አንድን ክፍል በአንድ ቀን ጨርሱት፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ካላችሁ መጋጠሚያው ዕድሜ ልክ ይታያል። ሰፊ ሳሎን ከሆነ በነሐስ ወይም በመስታወት መከፋፈያ ከፋፍሉትና መጋጠሚያው እዚያ ላይ ይረፍ፤ ስንጥቅም ይቀንስላችኋል።

አሁን ይህን ልብ በል። ብዙ ሊሾ ሠሪ ፊቱን ለማለስለስ በብሩሽ ውሃ ይረጫል፣ ወይም ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰንስበታል። በግራጫ ሊሾ ላይ ብዙ አይታወቅም። ባለቀለም ላይ ግን እያንዳንዱ ርጭት ነጭ ጠባሳ ይሆናል። የማለስለሻ ብረቱ የሚገባው ሰዓቱን ጠብቆ ነው፣ በጣት ሲነካ አሻራ ብቻ ሲቀር። ካለቀ በኋላ ለ7 ቀን እርጥበቱን ጠብቁ። እዚህ ቦታ ውሃ እዚያ ደረቅ አይሁን። ከደረቀ በኋላ የወለል ሰም ቀብቶ ማሸት ነው፣ ቀለሙ ያኔ ነው የሚወጣው።

ሊሾ ፈላጊ (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ነገ ከሠራተኛው ጋር አነባታለሁ። የውሃ ርጨቷን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር።

ጓሮ ወዳድ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሁላችሁም እናመሰግናለን። ውሃውን ረጨሁት። መሀሉና አጥሩ ሥር ወዲያው ጠጣ። በሩ ጋ ያለው ወደ አንድ ሦስተኛው የሚሆነው ግን ውሃውን አንገዋልሎ መለሰው፣ ግሪሉ ጋም እንደዚያው። በሩ ጋ ትንሽ ያብረቀርቃል አሁን ልብ ብዬ ሳየው። ታዲያ ያን እንዴት ነው የማነሳው? በአሲድ ማጠብ ነው የሚሉ አሉ። ጨውንና ቡና የምናፈላበትን ከሰልስ ምን ላድርግ?

ፊኒሸሩ (ዴንቨር)

በአሲድ አትጠቢው። ይህን ምክር ብዙ ቦታ ታገኚዋለሽ፣ ግን አሲድ ሲለርንም ዘይትንም አያነሳም። ባዶውን ኮንክሪት ነው የሚበላው። አሲድ ስቴይን የምታደርጊ ከሆነ ደግሞ ቀለም የሚያወጣልሽን ኖራ ቀድመሽ አጠብሽው ማለት ነው።

በሩ ጋ ያለው ሲለር ነው። ከቀለም መደብር ዛይሊን የሚባለውን ማሟሚያ ግዢና ጨርቅ ላይ አድርገሽ ወለሉን እሺበት። የሚያጣብቅ ከሆነ አክሪሊክ ሲለር ነው፣ በኬሚካል ማላቀቂያ ይነሳል። ዛይሊን ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ሽታውም ራስ ያዞራል፤ ውጭ ብቻ፣ ከግሪልና ከሲጋራ ርቀሽ። ዘይቱን ደግሞ በዲግሪሰር (ቅባት ማጽጃ) እና በሙቅ ውሃ በጠንካራ ብሩሽ ማሸት፣ ማጠብ፣ እንደገና ማሸት ነው። ከዚያ ውሃ ረጭተሽ እዪው። ውሃው እስካልገባ ድረስ ስቴይንም አይገባም፣ እዚህ ላይ አቋራጭ የለም። ለዓመታት የጠጣ ዘይት ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል፣ ለዚያ ነው እኔም አሁን ከዳላሱ ጋር የምስማማው። ለአንቺ ፓቲዮ በውሃ የሚሠራው ነው የሚያዋጣው። አሲዱን ለንጹሕ፣ ድፍን ለሌለበት ኮንክሪት አቆዪው።

ልብሽ አሁንም አሲዱ ላይ ከሆነ ግን አሠራሩን ልንገርሽ። ብረት የሌለበት የፕላስቲክ ፓምፕ፣ ረጅም ጓንት፣ መነጽር፣ የአሲድ ጋዝ የሚያጣራ ማስክ። ግድግዳውንና የበሩን ብረት በፕላስቲክ ሸፍኚ። ከ50 ፋራናይት በታች ወይም ጸሐይ በሚያቃጥልበት ሰዓት አትሥሪ። ስትረጪው አረፋ ሲሠራ ታያለሽ፤ ያ ነው ሥራው። ጣሳው የሚለውን ሰዓት ያህል ከተወሽው በኋላ ከላይ የሚቀረውን ዝቃጭ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አምክኚና እያሸሽ እጠቢው፣ ነጭ ጨርቅ ብታሻሺበት ንጹሕ እስኪሆን። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ሲለሩ የሚላጥበት ዋናው ምክንያትም ይሄ ነው። የታጠበውን ውሃ በባልዲና በውሃ መምጠጫ ሰብስቢው፣ ወደ መንገድ ጎርፍ ማውረጃ እንዳይሄድ። አንድ ጋለን ወደ 200 ስኩዌር ፊት ነው የሚሸፍነው፣ ስለዚህ ለአንድ ዙር 2 ጋለን ይበቃሻል።

ሲለሩ። ለውጭ ወፍራም ሽፋን የሚሠራ ነገር አትውሰጂ። ኢፖክሲ ጸሐይ ላይ ይቢጫል፣ ወፍራም አክሪሊክ ደግሞ እርጥበት ከሥሩ አፍኖ ነጭ ነጭ ይላል። ወይ ሳሳ ያለ አክሪሊክ በሁለት ቀጭን ዙር፣ ወይ ወደ ውስጥ የሚገባውን የሲሌን ሲሎክሴን ዓይነት። ሁለተኛው ቀለሙን አያደምቅም፣ አያብረቀርቅምም፣ ለብርድ አገር ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ። ስቴይኑን የሠራው ፋብሪካ ይስማማል ብሎ እንደሆነ ጣሳው ላይ አረጋግጪ። አክሪሊክ ከሆነ ልጆቹ እርጥብ ሲሆን እንዳይንሸራተቱ የሚያሻክረውን የፕላስቲክ ዱቄት ሲለሩ ውስጥ ጨምሪ።

ጨው፦ ፓቲዮው ላይ ባትበትኚ ነው የሚሻለው። የማግኒዢየም ክሎራይድ የሆነውም ቢሆን፣ መንገድ ላይ የሚረጩት ዓይነት፣ ኮንክሪት አይወድም። ለመንሸራተቱ አሸዋ በትኚ፣ በረዶውን ደግሞ በፕላስቲክ አካፋ ጥረጊ።

ቤዝመንቱን ለብቻው አስቢው። ቢጫው የካርፔት ሙጫ በማላቀቂያ ወይም በግራይንደር ይነሳል። ከካርፔቱ በፊት ታይል የነበረበት ጥቁር ሙጫ ካየሽ ግን እንዳትፍቂው፤ በአሮጌ ቤቶች ውስጥ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል፣ የቤትሽ ዕድሜ ያን ያህል አያሰጋም፣ ግን ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ ላቦራቶሪ ይመርምረው። በተረፈ 18 ኢንች በ18 ኢንች የሆነ ፕላስቲክ በአራቱም ጎን በቴፕ ለጥፈሽ እስከ ማግሥቱ ተዪው። ሲነሳ ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው፣ ሲለር አትቀቢበት።

የዳላሱ

ስለ ከሰሉ እኔ ልመልስ፣ እኛም ቡና የምናፈላው ፓቲዮው ላይ ነውና። አክሪሊክ ሙቀት አይወድም፣ ይለሰልሳል። የከሰል ምድጃው በቀጥታ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ ክብ ምልክቱ ይቀራል፣ ፍም ከወደቀ ደግሞ ይቃጠላል። አንድ ወፍራም የድንጋይ ታይል ሥሩ አስቀምጪና ምድጃውን እሱ ላይ። የእጣኑንም ማጨሻ እንደዚሁ። ቄጠማ ስትጎዘጉዢም እርጥቡን እንዳለ አታሳድሪው፤ አረንጓዴው ውሃ ሲለር የሌለው ኮንክሪት ላይ እድፍ ይተዋል፣ ሲለር ካለው ጠርጎ ማጠብ ይበቃል።

ጓሮ ወዳድ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ገባኝ። በውሃ የሚሠራውን እወስዳለሁ፣ ቤዝመንቱ ደረቅ ከሆነና ሙጫው ከተነሳ አሲዱን እዚያ እሞክረዋለሁ። ባለቤቴም አንብቦት «እንግዲህ ቀለሙን እመልሳለሁ» ብሏል፣ ገዝቶት ነበር ለካ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ፦ ሁለት ቡናማ መርጫለሁ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። የመደብሩ ካርድ ላይ ያለውን ማመን ይቻላል?

ፊኒሸሩ (ዴንቨር)

አይቻልም። ካርዱ ያንቺን ኮንክሪት አያውቀውም። ትንሹን ጣሳ ከሁለቱም ግዢ። ግሪሉ የሚቆምበት፣ በኋላ የሚሸፈን ጥግ ላይ በደንብ ካጸዳሽ በኋላ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቀቢ፣ አንዱን ጫፍ ድፍኑ ላይ አሳልፊው። ሲደርቅ ገርጥቶ ዱቄት የነካው ይመስላል፣ አትደንግጪ። የናሙናውን ግማሽ የምትገዢውን ሲለር ቀቢው፣ ግማሹን ተዪው። የምትወስኚው በሲለሩ ግማሽ ነው፤ ያንንም ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ እዪው። ጠቆር ያለው በኛ ቀትር ጸሐይ እግር ያቃጥላል፣ ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት ከሆነ እኔ ቀላ ወዳለው ነው የማደላው።